ጅብ የቆጠረው እልልታ

ልጆች ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉ። ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ፤ አውሬ እንደ ሰው ይናገር፣ ሰውም ከአውሬ ጋር ውል ይዋዋል በነበረበት ዘመን። የአገሩን ስም ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ የቤቱን ቁጥር ግን ሁሉም ያውቃል። አርባ ሁለት ቤት ነበር። አርባ ሁለቱም ቤት በአንድ ጥልቅ ገደል አጠገብ ተደርድሮ፣ ከመጨረሻው ቤት ደጃፍ እስከ ገደሉ አፋፍ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ሦስት መቶ አንደኛውን የተራመደ ሰው ተመልሶ አልተናገረም።

በዚያ በመጨረሻው ቤት ዝማም የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ገበየሁ የጨው ነጋዴ ነው፤ ከሲራራው ጋር አንዴ ከወጣ አምስት ስድስት ወር ሳይቆይ አይመለስም። ዝማም ካገባች በሰባተኛው ዓመት አረገዘች። ሰባት ዓመት የተጠበቀ ሆድ ሲገፋ የመንደሩ ሴት ሁሉ አዋቂ ሆነ። አንዷ «ሆድሽ ሾጠጥ ብሏል፤ ወንድ ነው» አለች። ሌላዋ «ስትነሺ ቀኝ እግርሽን ነው የምታስቀድሚው፤ ወንድ ነው» አለች። ሦስተኛዋ ምንም ሳታይ «ወንድ ነው» አለች። ገበየሁም በቅሎውን ሲጭን «የልጄን ሰባት እልልታ ሳልሰማ ልሄድ ነው» ብሎ አዘነ።

በዚያ አገር ወግ ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፤ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ። በሴቷ ላይ አይጨመርም፣ ከወንዱ ላይ አይቀነስም። መንገደኛ እንኳ ከሩቅ ቆጥሮ «ወንድ ነው»፣ «ሴት ናት» እያለ ያልፋል።

ገበየሁ በሄደ በሃያኛው ቀን ዝማም እንጨት ለመልቀም ከአፋፉ ጎን ባለው ቀጭን የእግር መንገድ ወደ ገደሉ ወረደች። ቅርብ ቅርቡ አልቆ ነበርና ዝቅ አለች። እዚያም አልሞላላትም፤ ደግሞ ዝቅ አለች። ሸክሟን አስራ ቀና ስትል ጉም ገደሉን ሞልቶታል። የመጣችበት መንገድ የለም። ከበስተጀርባዋ አንድ ነገር ተነፈሰ። ትንፋሹ የከረመ ሥጋ ይሸታል።

«ዝማም ሆይ» አለ ከጉሙ ውስጥ፤ «አንድ ነሽ ወይስ ሁለት?»

ጅብ ነበር። በገደሉ ስር ያሉት ጅቦች ሁሉ አለቃ እሱ ነው። ሌሎቹ ጅቦች ያገኙትን ይበላሉ፤ እሱ ግን ቆጥሮ ይበላል። በእያንዳንዱ እግሩ አራት አራት ጥፍር አለውና በጥፍሩ እየቆጠረ እስከ አሥራ ስድስት መድረስ ያውቃል። በዚህም እጅግ ይኮራል።

ዝማም መሮጥ ፈለገች፤ በጉሙ ውስጥ ግን መንገዱ አልታያትም። የምትዋሸው ነገር እንኳ አልመጣላትም።

«ሁለት ነኝ፣ አያ ጅቦ።»

«አውቄዋለሁ። ሁለት ልብ ይሰማኛል፤ አንዱ እንደ ትልቅ ከበሮ፣ አንዱ እንደ ትንሽ ከበሮ። አሁን ብበላሽ ሁለት በላሁ ማለት ነው። ግን ትንሹ ገና ነው፤ ለጥርስ አይሆንም።»

«እባክህ ማረኝ! ባሌ መንገድ ላይ ነው። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ነው!»

«እምርሻለሁ» አለ ጅቡ። «ልመና የማልሰማ አውሬ አይደለሁም። ግን ባዶ አፌን የሚያስቀረኝን ምሕረት አልወድም። ሁለት ናችሁ፤ ግማሽ ግማሽ እንካፈል። ስትወልጂ ልጁ ለእኔ ይሁን፤ አንቺ ቅሪ።»

«ልጄን? ወንድ ልጄን? አባቱ ምን ይለኛል! ወንድ እኮ ነው፤ ሁሉም ነግረውኛል!»

ጅቡ አንገቱን ዘመም አድርጎ አሰበ። «ወንድ ከሆነስ ይቅርብኝ። ወንድ ነገ ጦር ይይዛል፤ ወገኑም ደሙን ሊመልስ ይነሳል። ወንድ ከሆነ ላንቺ፣ ሴት ከሆነች ለእኔ። ምን ትያለሽ?»

ዝማም አሰበች፤ ብዙ ግን አላሰበችም። ያሰበችው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው «ወንድ ነው ብለውኛል» የሚል ተስፋ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሦስተኛውን ለራሷም ጮክ ብላ አልተናገረችውም፤ «ሴትም ብትሆን ሦስት እልልታ ናት» የሚል ትንሽ ድምፅ ከሆዷ በላይ፣ ከልቧ በታች ተሰማት።

«ይሁን» አለች።

«ሰማይ ይስማ፣ ምድር ትመስክር በይ።»

«ሰማይ ይስማ፣ ምድር ትመስክር።»

«እንግዲህ ከመንደራችሁ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ሆኜ እልልታውን እቆጥራለሁ። ሰባት ከሰማሁ መንገዴን እሄዳለሁ። ሦስት ከሰማሁ እመጣለሁ። ውሉን ብታፈርሺ ወገኖቼን ከገደሉ ስር ይዤ እወጣለሁ፤ ከአርባ ሁለት ቤት አንድ ደጃፍ አይተርፍም። ሸሽተሽ እንዳትጠፊም ጀንበር ስትጠልቅ እየመጣሁ እጠራሻለሁ። አቤት በይኝ።»

ጉሙ ገለጥ አለ። መንገዱ እዚያው እግሯ ስር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ከመንደሩ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ድምፅ ይመጣል።

«ዝማም ሆይ! አንድ ነሽ ወይስ ሁለት?»

ዝማምም በሩን ገርበብ አድርጋ «ሁለት ነኝ፣ አያ ጅቦ!» ትላለች።

ጎረቤት የሚሰማው የጅብ ጩኸት ብቻ ነው። «ዘንድሮ ጅቡ በጊዜ ጀመረ» ይላሉ። «ዝማምስ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ሲባል ደግሞ «ከሆዷ ጋር ነዋ! ሰባት ዓመት ተነፋፍቀው የለም?» ብለው ይሳሳቃሉ። ዝማም አብራቸው ትስቃለች።

አንድ ቀን፣ አሥር ቀን፣ አርባ ቀን እንዲህ አለፈ። በአርባ አንደኛው ቀን ዝማም መረራት። በሩን ዘጋች፤ መወርወሪያውን ጣለች፤ ነጠላዋን ጠቅልላ ጆሮዋ ላይ አሰረች።

«ዝማም ሆይ! አንድ ነሽ ወይስ ሁለት?»

ዝም።

«ዝማም ሆይ! አንድ ነሽ ወይስ ሁለት?»

ዝም።

ሦስተኛ አልተጣራም። ውጭ ውሻዋ መቻል ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሦስተኛውን ጀመረው፤ አልጨረሰውም። ከዚያ ምንም ነገር አልተሰማም። ዝማም ነጠላዋን ከጆሮዋ ፈታችና አዳመጠች። ከበሩ ስር፣ እንደ ጎረቤት ዝግ ብሎ፣ አንድ ድምፅ ተናገረ።

«ዝማም ሆይ፣ ውሻሽ አንድ ነበር። አሁን ስንት ነው?»

«ሁለት ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ሁለት ነኝ፣ አያ ጅቦ! ሁለት ነኝ!»

በነጋው ደጃፏ ላይ ያገኘችው የመቻልን አንድ ጆሮ ብቻ ነው። ጅቡ ከሁለቱ ጆሮ አንዱን ለእሷ መተዉ ነበር፤ ግማሽ ግማሽ ማለት እንዲህ ነው ሲላት።

ከዚያ ወዲያ ዝም ብላ አታውቅም። ለሰውም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገር? «ጅብ ያስፈራራኛል» ማለት ቀላል ነው፤ «ይሁን አልኩት» ማለት ግን አፍ ይይዛል። ሆዷ እየከበደ ሲሄድ ሌት ተቀን አንድ ጸሎት ብቻ ሆነባት፤ «ወንድ አድርገው፣ ወንድ አድርገው።» ሆዷ ውስጥ ያለችው ደግሞ ይህን በሰማች ቁጥር ትራገጣለች።

ምጡ የያዛት ከቀትር በኋላ ነው። አዋላጇ እማማ ትርንጎ መጡ። እማማ ትርንጎ በእጃቸው የተቀበሏቸው ሕፃናት መቶ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ የሁሉንም ስም ያውቃሉ፤ በሕይወት የሌሉትንም አይዘነጉም። ሁለት ጎረቤቶችም አብረው ገቡ፤ አንዷ ዘርፌ የምትባል ድምፀ መረዋ፣ ሌላዋ ላቀች የምትባል የአራት ልጆች እናት።

ጀንበር ለመጥለቅ አንድ ክንድ ሲቀራት ሕፃን አለቀሰች።

«እሰይ! መቶ ሃያ ሞላሁ!» አሉ እማማ ትርንጎ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሴት ናት።»

ዘርፌ ወደ በሩ ዞር ብላ «እልልልልልል!» አለች።

አንድ።

ሁለተኛውን ልትል አፏን ስትከፍት ዝማም ከመደቡ ላይ ተወርውራ ወረደችና በሁለት እጇ የዘርፌን አፍ አፈነችው።

«ዝም በይ! ስለ ፈጠረሽ አምላክ ዝም በይ!»

«ምን ሆነች? ኧረ አስተኟት! ደሟ ይፈሳል!» አሉ እማማ ትርንጎ።

«ሴት ሆነችና ከፋት እንዴ?» አለች ላቀች።

«እየቆጠረ ነው» አለች ዝማም። «ጉብታው ላይ ሆኖ እየቆጠረ ነው።»

ይህን ስትል ከውጭ፣ ከጉብታው በኩል፣ ያ ድምፅ መጣ። በዚህ ቀን ሁሉም ቃሉን ለየው።

«አንድ ሰማሁ! ሁለተኛው የታለ?»

ዘርፌ በአፍጢሟ ልትደፋ ነበር። ዝማም እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች፤ ጉሙን፣ ውሉን፣ የውሻዋን ጆሮ። «ይሁን» ያለችውን ቃል ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ፤ ግን አልዘለለችውም።

እማማ ትርንጎ እትብቱን ቆርጠው፣ ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልለው ጨረሱ። ከዚያ «ጅቡስ ጥፋቱ ረሃብ ነው» አሉ። «ያንቺስ ልጄ?»



«ስድስት እንጨምርና ወንድ ነው እንበለው!» አለች ዘርፌ። «ሰባት ከሰማ ይሄዳል።»

«ነገ ቀሚስ ለብሳ ውሃ ስትወርድ ምን ልንለው ነው? ይቺ ልጅ በተወለደችበት ቀን ስሟን ቀምተን፣ ዕድሜ ልኳን ተደብቃ ትኑር?» አሉ እማማ ትርንጎ።

ላቀች ወለሉን እያየች ተናገረች። «ክፉ ሆኜ አይደለም፣ እማማ። ሴት ልጅ ናት፤ አንድ ናት። እኛ አርባ ሁለት ቤት ነን። ወንዶቹ በሲራራ ሄደዋል፤ የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ አራት ልጅ አለኝ። ሁሉም ከሚያልቅ…»

«ጨርሺዋ።»

አልጨረሰችውም።

«ስሚኝ ላቀች» አሉ እማማ ትርንጎ። «ጅብ አንድ ብሎ ከጀመረ እስከ አርባ ሁለት ያለውን መንገድ ያውቀዋል። ዛሬ የዝማምን አንድ አጉርሰሽው፣ ነገ ያንቺን አራት በምን ትከለክይዋለሽ?»

«ሁለተኛው የታለ?» አለ ጅቡ ከጉብታው። «ጥፍሬን አንስቼ እየጠበቅሁ ነው!»

እማማ ትርንጎ ቀና አሉ። «መቁጠር ይወዳል? ይቁጠራ! ዘርፌ፣ ሩጪ። በየቤቱ እየገባሽ እልል በዪ፤ ያየሽ ሴት ሁሉ እልል ትበል። ምን ተወለደ የሚል ካለ መልስ አትስጪ። ላቀች፣ አንቺ የወጡትን ሴቶች ይዘሽ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁሚ። ፊታችሁን ወደ ገደሉ አዙሩ።»

«ሌሎቹ ጅቦች ወዳሉበት?»

«ወደዚያው።»

ላቀች ሕፃኗን አየቻት። ሕፃኗ አንድ እጇን ከጨርቁ አውጥታ አየሩን ትይዛለች። ላቀች መቀነቷን አጥብቃ ወጣች።

ዝማም ሕፃኗን አቅፋ፣ የግድግዳው ጭቃ በተሰነጠቀበት በኩል ዓይኗን አስጠግታ ወደ ጉብታው ታያለች። ጅቡ ቁጭ ብሏል። የዘርፌ ድምፅ ከጎረቤት ቤት ተነሳ። ጅቡ ጥፍሩን አጠፈ።

«ሁለት» አለ።

ሌላ እልልታ ተነሳ።

«ሦስት! የእኔ ናት!» ብሎ ተወርውሮ ተነሳ፤ ቁልቁል ሰባት ስምንት ዝላይ ሮጠ። ዝማም ልጇን ደረቷ ላይ ጨመቀቻት። አራተኛው እልልታ ሲሰማ ጅቡ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ።

«አራት? አምስት… ስድስት… ሰባት። ወይኔ እራቴ! ወንድ ነው ማለት ነው።» ጅራቱን ቆልፎ ወደ ጉብታው ሊመለስ ዞረ።

«እልልልልልል!»

«ስምንት?» አለ ጅቡ። ጥፍሩን አየ። «ስምንት ደግሞ የምን ነው?»

ዘጠኝ ሆነ፤ አሥር ሆነ። በየቤቱ ያሉ ሴቶች የጎረቤታቸውን እልልታ ሲሰሙ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። የአራቱም እግር ጥፍር አለቀ።

ጅቡ ግን ጅል አልነበረም። ጎንበስ አለና በአፉ አንድ ጠጠር አንስቶ ከፊቱ አስቀመጠ። አንዱ ጠጠር አሥራ ስድስት ነው። ከጥፍሩ እንደገና ጀመረ። ሁለተኛውን ጠጠር አስቀመጠ። ሦስተኛውን አስቀመጠ።

«ጠጠር ያዘ!» አለች ዝማም። «እማማ፣ በጠጠር ይዞታል! አይስተውም!»

እልልታውም እየሳሳ ነበር። የሰው ጉሮሮ ነውና ይደርቃል። ከአርባ ሁለቱ ቤት ሠላሳው ደከመ። ጅቡ አምስተኛውን ጠጠር አስቀመጠና ጆሮውን አቆመ። ቁጥሩ ሊቋጭለት ነው።

በዚህ ጊዜ ላቀች ከአፋፉ ላይ፣ አፏን ወደ ገደሉ አድርጋ፣ አንድ ረጅም እልልታ ለቀቀች። ገደሉ ተቀበላት። የገደል ማሚቶም ሴት አይደለች? አንዱን እልልታ ወስዳ አንዴ መለሰችው፤ ከማዶው ግድግዳ ሁለተኛ መለሰችው፤ ከታች ከወንዙ ደግሞ ሦስተኛ መለሰችው። እሱ ሳያልቅ ከላቀች ጋር የቆሙት ሴቶች ሁሉ አስተጋቡ። ገደሉ ሞላ፤ ሞልቶም ፈሰሰ። የትኛው የሴቶቹ፣ የትኛው የገደሉ እንደሆነ የሚለይ ጆሮ አልነበረም። ከገደሉ ስር ያሉት ጅቦች ሳይቀሩ ጎሬያቸው ገብተው ተጣበቁ።

ጅቡ ጥፍሩን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ጠጠር ያነሳል፣ ይጥላል። በመጨረሻ ጠጠሩን ሁሉ በእግሩ በተነና ከነበረበት ተነሳ። ወዴት እንደሄደ ዝማም ከስንጥቁ ፈለገችው፤ አጣችው።

ያገኘችው በሩ ላይ ነው።

«ዝማም ሆይ» አለ። ትንፋሹ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ እግሯን አሞቀው። «አንድ ነሽ ወይስ ሁለት?»

ቤቱ ውስጥ ዝማም፣ እማማ ትርንጎና ሕፃኗ ብቻ ነበሩ። እማማ ትርንጎ እትብት የቆረጡበትን ቢላዋ ይዘው ከበሩ ጎን ቆሙ። «መልሺለት» አሉ በለሆሳስ። «ውሉ ያንቺ ነው።»

«ወልጃለሁ» አለች ዝማም።

«ሰምቻለሁ። ወንድ ነው ወይስ ሴት?»

«ወንድ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር። እልልታው ሰባቱንም አልፏል፤ ብትለው ያምናታል፤ ሄደ ማለት ነው። ዝማም አፏን ከፈተች። ያንጊዜ ያ ትንሽ ድምፅ፣ ከሆዷ በላይ ከልቧ በታች የነበረው፣ እንደገና ሊናገር ሲል ሰማችው። ሁለተኛ ልትታዘዘው አልፈለገችም።

«ሴት ናት» አለች።

ጅቡ ሳቀ። የጅብ ሳቅ ከጩኸቱ ይብሳል። በሩን በትከሻው ገፋው፤ መወርወሪያው ተንቃቃ።

«እንግዲያስ ክፈቺ!»

«ቆይ፤ ውላችንን እንድገመው» አለች ዝማም። «ስንት እልልታ ስትሰማ ነበር የምትመጣው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ሰማህ?»

«አለፈ።»

«ስንት ስትሰማ ነበር የምትሄደው?»

«ሰባት።»

«ሰባት ሰማህ?»

«እሱም አለፈ።»

«ታዲያ ስንት ሰማህ?»

ጅቡን አላውቅም እንዳይል ኩራቱ ያዘው። «ብዙ» አለ በመጨረሻ።

«ብዙ ቁጥር አይደለም፣ አያ ጅቦ። አንተ ቆጥረህ የምትበላ ነህ። ሳትቆጥር ከበላህ ከገደሉ ስር ካሉት በምን ተሻልክ? አለቃችን ሒሳብ ጠፋበት ሲሉህ አትሰማም?»

«ማን ይላል! ማንም አይልም!» በሩን መግፋቱን ግን ተወ። «እሺ፣ የዚች ልጅ ቁጥሯ ስንት ነው?»

ዝማም ልጇን ከፍ አድርጋ ፊቷን አየቻት። ከተወለደች ጀምሮ ገና በደንብ ማየቷ ነበር። ግንባሯ የገበየሁ፣ አፏ የራሷ። ስለ ጅቡ ረሳች።

«እልፍ ነሽ» አለቻት።

ጅቡ ሰማ። «እልፍ ስንት ነው?»

«ሺውን አሥር ጊዜ ስትቆጥረው ነው» አሉ እማማ ትርንጎ ከበሩ ጎን።

«ሺስ?»

«መቶውን አሥር ጊዜ።»

«መቶስ?»

«እሱንማ ሂድና ፈልገው! እኔ ባሪያህ ነኝ ላስተምርህ?»

ጅቡ ከውጭ ሲያጉረመርም ቆየ። ከዚያ «ቆጥሬ እመጣለሁ» አለ። «ቁጥሩን ይዤ የመጣሁ ዕለት ግን በሩን ትከፍቻለሽ።»

«ቁጥሩን ይዘህ ና፤ እከፍታለሁ» አለች ዝማም። ይህን ስትል ነገሩ ያለቀ አልመሰላትም፤ ያለቀ ነገርም አልነበረም። እግሩ ሲርቅ ሰማች፤ ከዚያ ልጇን ይዛ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

ጅቡ በቀጥታ ወደ ገደሉ ሄደ። ሴቶቹ ተበትነው ነበር። አፋፉ ላይ ተቀመጠና እልልታውን ለማስታወስ ብሎ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ «አንድ» ለማለት ነው። ገደሉ ሦስት አድርጎ መለሰለት። ሦስቱን ለመቁጠር ሦስቴ ጮኸ፤ ዘጠኝ ሆነበት። ወገኖቹ ከጎሬያቸው ወጥተው «አለቃ፣ ስንት ደረስክ?» ይሉታል። ለእነሱ ሲመልስ የያዘው ይጠፋበታል፤ በቁጣ ከአንድ ይጀምራል። እነሱም ሊያግዙት ብለው አብረው ይጮኻሉ፤ እንዲያውም ባሰ። ቁጭ ብሎ ሲቆጥር ስለሚከርም የኋላ እግሩ አጠረ። ሳይበላ ስለሚያመሽ ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀ። ቁጥር አዋቂ ነኝ ያለ በቁጥር ታሰረ።

ገበየሁ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። በመንገድ ላይ ያገኛቸው ሰዎች ሁሉ «ባንተ አገር የንጉሥ ልጅ ተወለደ ወይ? እልልታው ሦስት ወንዝ ማዶ ተሰምቶናል» ብለውት ነበርና እየሮጠ ገባ።

«ወንድ ነው አይደል?» አለ ጨው የተሸከመችውን በቅሎ እንኳ ሳያራግፍ።

«ሴት ናት» አለች ዝማም። ከዚያ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። በገደሉ ውስጥ ያለችውን አንድ ቃልም አልደበቀችውም።

ዝማም ይመታኛል ብላ ጠበቀች፤ ይተወኛል ብላ ጠበቀች።

«እኔም ብሆን ኖሮ ይሁን እል ነበር» አለ ገበየሁ። «ያውም ሳላመነታ።» ሕፃኗን ተቀብሎ ታቀፋት። እጁ ላይ የደረቀ ጨው ነበር፤ እሱን ላሰችና ፊቷን አጨፈገገች፤ ገበየሁም ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው ወረደ። «ስሟን ማን አላችኋት?»

«እልፍነሽ።»

እልፍነሽ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። በዚያ አገር ከዚያ ወዲያ ለሴት ልጅ እልል ሲባል ቆም ብሎ የሚቆጥር ጠፋ፤ ጉሮሮ እስኪደርቅ ነው። ላቀች ስታረጅ እንኳ የመንደሩ ሴት በወለደች ቁጥር ከአፋፉ ላይ ቆማ መጀመሪያ የምትጮኸው እሷ ነበረች። ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን እልፍነሽ እያሉ ሰየሙ፤ ጅቡ የአንዷን ቁጥር ቢያገኝ እንኳ ከየትኛዋ በር እንደሚቆም ግራ እንዲገባው።

ዝማም ግን እስክትሞት ድረስ ጀንበር ስትጠልቅ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። ጅቡ ከገደሉ ማዶ ይጮኻል፤ ያርፋል፤ እንደገና ይጮኻል። የሚጮኸው እየቆጠረ ነው። ያረፈ ጊዜ የጠፋበት ነው። አንድ ቀን ካረፈበት ሳይነሳ የቀረ እንደሆነ፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ ቁጥሩን አግኝቷል።

እኔ እስከ ሰማሁት አላገኘም። ተረቴን ሰጥቻችኋለሁ፤ ስትመልሱልኝ ከነትርፉ ይሁን። የዚያ አገር ሰዎችም እስከ ዛሬ እንዲህ ይላሉ፦

ሴት ልጁን በሦስት የቆጠረ፣ ከጅብ ጋር መከረ።